እጅ ሲያርፍ እግር ሲያዝ፦ የፓርኪንሰን ማነቃቂያና የሄርዝ ቁጥሩ

የፓርኪንሰን ማነቃቂያ፣ መንቀጥቀጥና የእንቅስቃሴ ችግር ለሚያመጣው ለዚህ በሽታ፣ አንጎል ውስጥ በተተከለ ኤሌክትሮድ (ቀጭን ሽቦ) የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ በሰከንድ የሚልከው ምት በሄርዝ ይቆጠራል። ለአብዛኛው ታማሚ 130 አካባቢ ይሞላል። ነገሩ የተጀመረው ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ነው፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ቤናቢድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ከ100 ሄርዝ በላይ ሲወጡ መንቀጥቀጥ ሲቆም አዩ። ለእጅ የተመረጠ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ለእግር አይመችም።

ምልክት፦ የአባትዎ እጅ ከመንቀጥቀጥ አርፏል፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው ወለሉ ላይ ይጣበቃል።

ወዲያው ሄርዙን አይክሰሱ። የሚጣበቁት የፓርኪንሰን መድኃኒቱ ሌቮዶፓ ኃይሉ ሲያልቅባቸው ብቻ ከሆነ፣ ሲውጡም ከለቀቃቸው፣ ሕክምናው አንሷል፤ መጠኑ ይታይ። መድኃኒቱ እየሠራም ከተጣበቁ ሐኪሙ ማነቃቂያውን ለጥቂት ጊዜ አጥፍቶ ያስኬዳቸዋል። ሲጠፋ ከተሻላቸው ጥፋቱ የማነቃቂያው ነው። ካልተሻላቸው በሽታው ራሱ ገፍቶ ሊሆን ይችላል።

ማነቃቂያው ከሆነ ወደ 60 ወይም 80 ሄርዝ መውረድ ይሞከራል። ምቱ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚገባው ጉልበትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ አብሮ ከፍ ካላለ «60 አልሠራም» ለማለት አይቸኮልም። የፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት መጣበቁን የቀነሰው 60 ሄርዝ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር ሆኖ ነው።

ምልክት፦ በ60 ሄርዝ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

ዝቅተኛ ምት መንቀጥቀጥን የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ወደ 130 መመለስ፣ ወይም ሐኪሙ ሁለት ፕሮግራም ጭኖላቸው እንደ ሁኔታው በሪሞት እንዲቀያይሩ ማድረግ ይቻላል። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል፤ ሻይ ሲጠጡና ሲራመዱ የሚያስፈልጋቸው አንድ አይደለም። ሐኪሙ ከፈቀደው ቁጥር ግን አይውጡ፤ በተለይ 10 እና 20 ሄርዝ እንቅስቃሴን ይበልጥ ሊያዘገይ ይችላል።

ምልክት፦ ንግግራቸው ተኮላተፈ።

ኤሌክትሪኩ አጠገብ ወዳለው የነርቭ መስመር ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ጥንካሬው ወይም የሚሠራው የኤሌክትሮድ ጫፍ ይቀየር፤ ሄርዙ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር በአንዴ ባሰ።

ባትሪውን፣ መሣሪያው አለመጥፋቱንም ይመልከቱ።

ከለውጥ በኋላ መንቀጥቀጥ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ይታያል፤ አካሄድ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። በአንዳንዶች ላይ የ60 ሄርዝ ጥቅም ከሳምንታት በኋላ ይደበዝዛል። ስለዚህ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ የታየውን አይመኑ፤ ቤት ውስጥ በሩ ላይ ሲያልፉ በስልክ ይቅረጹና ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ።