ያገለገለው ዘይት ሳሙና እየሆነ ሲያስቸግር

ካገለገለ የምግብ ዘይት የምሠራው ነዳጅ፣ ባዮዲዝሉ፣ አልለይ ብሎ አስቸገረ። ነዳጁ ከላይ፣ ተረፈ ምርቱ ግሊሰሪን ከታች መቀመጥ ሲገባቸው ሁሉም አንድ ላይ ወፍሮ ረጋ። በጓንት ሲነኩት ያሟልጫል። ሳሙና ነው!

ጣጣው ከዘይቱ ነው። ተደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ነፃ ፋቲ አሲድ (ከዘይቱ ተላቆ የወጣ አሲድ) ይበዛዋል። ሥራውን ለማፋጠን የሚጨመረው ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ደግሞ ይህን አሲድ ሲያገኝ ሳሙና ያደርገዋል። ዘይቱን አስቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድ ማከም ይቻላል፤ እኔ ግን አያያዙን አልወደድኩትም።

ስለዚህ በሶዳው ፈንታ ሊፔዝ ወደሚባል ቅባት ሰባሪ ኢንዛይም ዞርኩ። ሊፔዝ ነፃውን አሲድ ጭምር ወደ ነዳጅ ይቀይረዋል። 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይበቃዋል። ጠላቱ ዘይቱን ወደ ነዳጅ ለመቀየር የሚጨመረው አልኮል፣ ሜታኖል፣ ነው፤ ባንዴ ከበዛበት ሥራውን ያቆማል። ለ1 ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ዘይት 3 ሞል ሜታኖል ያስፈልጋል። እሱን ሦስት ቦታ ከፈልኩትና የመጀመሪያው ሲያልቅ ቀጣዩን ጨመርኩ። ነገሩን የፈታው ይሄ ነው። በደንብ ማማሰልም አይረሳ፤ ሜታኖልና ዘይት በራሳቸው አይዋሃዱም።

እርግጥ ትዕግስት ይጠይቃል። በሶዳው 1 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ሥራ በኢንዛይም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ግን የኔው በጥቃቅን እንክብሎች ላይ የተጣበቀ ዓይነት ስለሆነ አጥልዬ መልሼ እጠቀምበታለሁ። ግሊሰሪን ሲሸፍነው ይደክማል፤ ያኔ ቴርት ቡታኖል በሚባል አልኮል አጥበዋለሁ።