የድሮ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ላይ ፕሮግራም ስትለማመዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ኤችፒ 65 የሚይዘው ፕሮግራም 100 መስመር ብቻ ነበር፤ በዓመቱ የመጣው ኤችፒ 25 ደግሞ 49። እነዚህ ማሽኖች ላይ ፕሮግራም መጻፍ ማለት በጣታችሁ የምትጫኗቸውን ቁልፎች በተራ ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ቋንቋ የለውም። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለውም ቀላል ስለሚመስለው ነው። ምሳሌዎቼን የምወስደው ከ1982 እስከ 1989 ከተመረተው ኤችፒ 15ሲ ነው፤ በጣም የምወደው ማሽን እሱ ነው።

ስህተት 1፦ ቁጥሩ የት እንዳለ ሳያውቁ መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማሽኑ ቁጥሮችን ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ እና ቲ በሚባሉ አራት እርከኖች ይደረድራል፤ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ግን ኤክስን ብቻ ነው። ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ያለውን ሦስት ማዕዘን ሰያፍ ጎን የሚያሰላ ፕሮግራም እንውሰድ፦ ስኩዌር፣ ኤክስና ዋይን ማቀያየር፣ ስኩዌር፣ መደመር፣ ስኩዌር ሩት። 3፣ ኤንተር (የኤክስን ቁጥር ወደ ዋይ የሚገለብጥ ቁልፍ)፣ 4 ብላችሁ ስታስነሱት 5 ይሰጣል።

አሁን ከመጀመሪያው ስኩዌር በኋላ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ ኤንተር ጨምሩበት። 16 ኤክስም ዋይም ላይ ይቀመጣል፣ 3 ወደ ዜድ ይገፋል። ማቀያየሩ 16ን በ16 ይለውጣል፤ ቀጥሎ 256 ይሆናል፣ ሲደመር 272፣ መልሱም 16.4924። ማሽኑ ምንም ስህተት አያሳይም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩና ከእያንዳንዱ ቁልፍ በኋላ በየእርከኑ ያለውን ጻፉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ስህተት 2፦ ኮዶቹን ሳያነቡ ማለፍ

ፕሮግራም ስታስገቡ ስክሪኑ የቁልፉን ስም ሳይሆን ቦታውን ያሳያል፤ 36 ማለት ሦስተኛው ረድፍ፣ ስድስተኛው ቁልፍ፣ ማለትም ኤንተር ነው። ስኩዌር ሩት 11 ሲሆን ስኩዌር ደግሞ 43 11 ነው። 43 ሰማያዊው ቁልፍ ነው። እሱን መጫን ብትረሱ በስኩዌር ፈንታ ስኩዌር ሩት ይገባል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መስመር በመስመር እየሄዳችሁ ኮዱን ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ።

ስህተት 3፦ ማነጻጸሪያውን ገልብጦ መረዳት

«ኤክስ ከዋይ ያንሳል ወይም እኩል ነው?» የሚለው ጥያቄ እውነት ከሆነ ማሽኑ ቀጣዩን መስመር ይሠራል፤ ሐሰት ከሆነ ይዘለዋል። የሚዘለው አንድ መስመር ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ፦ 10 ቁጥር ሁለት መስመር ነው፣ አንዱ ለ1 አንዱ ለ0። ከማነጻጸሪያው ቀጥሎ 10 ብታስገቡ፣ መልሱ ሐሰት ሲሆን 1 ይዘለልና 0 ይገባል። ከማነጻጸሪያ በኋላ «ሂድ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስህተት 4፦ የማዕዘን መለኪያውን መርሳት

የ30 ሳይን በዲግሪ 0.5 ነው፤ በራዲያን ግን -0.9880። የምትፈልጉትን መለኪያ የፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ አስገቡት፤ የሚወስደው አንድ መስመር ነው።

ስህተት 5፦ የአንዱን ማሽን ልማድ ለሌላው ማዋል

15ሲ መሀል ላይ መስመር ስትጨምሩ የቀረውን ወደታች ይገፋል። ኤችፒ 25 ግን አይገፋም፣ የነበረውን ይተካዋል። ማሽኑ ሲዘጋም ፕሮግራሙ አብሮ ይጠፋል። በተለይ ደግሞ ባትሪው ሳይገባ ቻርጀር አትሰኩበት፣ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል።

ስህተት 6፦ አንዴ ሞክሮ መተው

ስታኩ (አራቱ እርከኖች) ባዶ ነው ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ በትክክል ይሠራል፣ ሁለተኛው ላይ ይሳሳታል፤ የቀድሞው ስሌት ትራፊ ላይኛው እርከን ላይ ቀርቷልና። ከመሞከራችሁ በፊት 99 ጻፉና ኤንተርን ሦስት ጊዜ ተጫኑ፤ አራቱም እርከን በ99 ይሞላል። ከዚያ 3፣ ኤንተር፣ 4 ብላችሁ አስነሱት፤ አሁንም 5 ከሰጠ ፕሮግራማችሁ በትራፊው ላይ አልተደገፈም።