ሽንኩርት ውስጥ ክሎሮፕላስት ለምታዩ ልጆች

ዘንድሮም አየሁት። ላብራቶሪ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ እያየን ነው። አንዱ ፈርስት ይር ማይክሮስኮፑን እንኳን ሳያበራ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ ደብቆ፣ ከጎግል ያገኘውን ሴል ወረቀቱ ላይ ይገለብጣል። ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከነእጥፋቱ አለ። ፕሮቲን የሚሠራው ደቃቁ ራይቦዞምም አልቀረም። በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ የሴል ክፍል፣ ክሎሮፕላስቱን፣ ጭራሽ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ቀብቶታል።

"ይሄን የት አየኸው?"

"እዚሁ ነው፣ ቲቸር" ብሎ ያልበራውን ማይክሮስኮፕ ጠቆመኝ።

ኧረ ባካችሁ! የምንከትፈው የሽንኩርት ክፍል ምግብ ማከማቻ ነው፣ ክሎሮፕላስት የለውም። ራይቦዞምን ደግሞ በ400 እጥፍ ማንም አያየውም፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። እናንተ የምታዩት እንደ ጡብ የተደረደሩ ሴሎችን፣ ግድግዳቸውን፣ አዮዲን ጠብ ካደረጋችሁበት ደግሞ ወደ ዳር የተገፋ ኒውክለስ ነው። በቃ። እሱን ብቻ ሳሉ። ያላያችሁትን ስትስሉ እኮ ፈተና አላለፋችሁም፣ መዋሸት ነው የተለማመዳችሁት። የአየር አረፋ ካያችሁም አረፋ በሉት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንዱን ጥቁር ጠርዝ ያለው አረፋ "ኒውክለስ" ብዬ ቀስት አውጥቼለት፣ አስተማሪዬ በቀይ "ይፈነዳል?" ብሎ ጽፎበት መልሶልኛል።

የማይክሮስኮፑ ዘይት መቶ እጥፍ ለሚያጎላው ሌንስ ብቻ ነው። አርባውን ዘይት አስነክታችሁ በጋዋናችሁ ጫፍ የምትጠርጉትን ምን እንደምላችሁ አላውቅም።

ሳይንሳዊ ስም በእጅ ስትጽፉ ሁለቱን ቃል፣ የወገኑንና የዝርያውን፣ ለየብቻ አስምሩባቸው።

ከሂሳብ ሸሽታችሁ ባዮሎጂ የገባችሁ ደግሞ አላመለጣችሁም። 95 ፐርሰንት አልኮል ሰጥቼ 100 ሚሊ ሊትር የ70 ፐርሰንት አዘጋጁ ስል፣ ግማሹ ክፍል 70 ሚሊ ቀድቶ 30 ውሃ ይጨምርበታል። ያ 66.5 ፐርሰንት ነው። መቅዳት የነበረባችሁ 73.7 ሚሊ ነው፣ ከዚያ እስከ 100 በውሃ መሙላት። ለሲኒየር ፕሮጀክት ዳታ ከሰበሰባችሁ በኋላ "ስታቲስቲክስ የሚችል ሰው ታውቃለህ?" እያላችሁ የምትዞሩትም ያው ናችሁ። ስንት ናሙና እንደሚበቃ ከመጀመራችሁ በፊት ነው የሚታሰበው።

መስክ ስትወጡ ማስታወሻ ያዙ። እዚህ ላይ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ሱባ ደን ወጥተን የሰበሰብኳቸውን ዕጽዋት ጋዜጣ ውስጥ አድርጌ፣ በድንጋይ ተጭኜ፣ ጋዜጣውን ሳልቀይር ቅዳሜና እሁድን ተኛሁ። ሰኞ ስከፍተው ሻግቷል። የተረፈችኝን አንዲት ቅርንጫፍ ይዤ የደረቁ ዕጽዋት ናሙና የሚቀመጥበት አራት ኪሎ ናሽናል ሄርባሪየም ሄድኩ። ያገኘኋቸው ሰውዬ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና "ከፍታው ስንት ነበር? አበባው ትኩስ ሳለ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?" አሉኝ። ባለ 8 ቅጹ የዕጽዋት መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ እያንዳንዱ ዝርያ ስንት ሜትር ላይ እንደሚበቅል ይናገራል፣ እኔ ግን ከፍታውን አልጻፍኩም፣ አበባውም ቡኒ ሆኗል።

"ከሱባ ነው" አልኳቸው።

"ሱባ የት? ከታች ነው ወይስ ወጨጫ ተራራ ጫፍ?"

ቅርንጫፏን ተቀብዬ ወጣሁ።