የዳማዬን ቁስል እንዴት አዳንኩት
ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ስላለች ትሞቃለች፣ ዝንቡም እንደዚያው ነው። የጋሪ ፈረሴ ዳማው ትከሻው ተልጦ ዝንብ መቆሚያ አሳጣው። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የባሕር ዛፍ ዘይት ከጠርሙሱ ቀጥታ አፈሰስኩበት። ወይ ጉድ! ዘሎ ጋሪውን ሊገለብጠው ነበር፣ በማግስቱም በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ አብጦ ቀላ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የተቆጣው እኔን ነው። እንዲህ ያለ ዘይት ሳይቀጥን ቆዳ ያቃጥላል፣ ክፍት ቁስል ላይማ ጭራሽ አይደረግም። ዝንቡንም አትናቀው አለኝ፤ የጋሪ ፈረሶችን እብጠት በእብጠት የሚያደርገው የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል ነው የሚገባው።

ከዚያ ጠዋትና ማታ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጠብኩት፣ በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው እየጨመርኩ። ዘይቱን ግን አልጣልኩትም። 12 ጠብታ በ30 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በጥብጬ መጀመሪያ አንገቱ ላይ ትንሽ ቀባሁና አንድ ቀን ጠበቅኩ፣ ምንም ሳይለው ሲቀር ከቁስሉም ከዓይኑም ከአፍንጫውም ራቅ አድርጌ አንገቱንና እግሩን ቀባሁት። ሽታው ሲጠፋ ዝንቡ ይመለሳል፣ ስለዚህ በቀን ሁለቴ።

ዋናው ጥፋተኛ ግን ጠፍሩ ነበር፤ ደርቆ ስለት ሆኗል። አሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጬ ሰፋሁበት፣ ፈረሱንም ቁስሉ እስኪደርቅ አሳረፍኩት (ኪሴ አልቅሷል)። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉር ማብቀል ጀመረ። አሁን ጠዋት ጠፍሩን በእጄ ሳልዳብስ አልጠምደውም።