ብርሃን መጣጭ ቀለምን ከዲኤንኤ ጋር ሲያያይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀለም የተያያዘበት ዲኤንኤ ራሱን በራሱ ገጣጥሞ የታሰበውን ናኖ ቅርጽ አልሠራ ሲል ጣት የሚቀሰረው በግጥጥሙ ላይ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ከዚያ በፊት፣ ቀለሙ ሲያያዝና ሲጣራ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የቀለሙን ብልቃጥ ከፍሪዘር አውጥቶ ወዲያው መክፈት ነው። ጅማ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ከዚህ የከፋ የለም። ከዲኤንኤው አሚን (ናይትሮጅን ከያዘው ክፍል) ጋር የሚያያዘው የቀለሙ ጫፍ፣ ኤንኤችኤስ ኤስተር፣ ውኃ ሲያገኝ ይፈርሳል፤ ከፈረሰም በኋላ ቀለሙ ያው ስለሆነ በዓይን አይለይም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቆይቶ የወጣ ብልቃጥ እርጥብ አየር ሲነካው ውስጡ ጤዛ ይይዛል። እንደታሸገ፣ ሲሊካ ጄል ባለበት ዕቃ ውስጥ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ ውኃ በሌለበት ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) አሟሙቶ በዕለቱ መጨረስ ነው። ዲኤምኤስኦም ከአየር ውኃ ይስባልና ደጋግሞ የተከፈተ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ትሪስ ባፈር (ፒኤች የሚያረጋጋ ፈሳሽ) ውስጥ ማያያዝ ሌላው ስህተት ነው። ትሪስ ራሱ አሚን ስላለው ቀለሙን ከዲኤንኤው ይሻማል፤ የአሞኒየም ጨው ቅሪትም እንዲሁ። ዲኤንኤውን በሶዲየም ክሎራይድና በኤታኖል አዝቅጦ፣ ፒኤቹ 8.5 በሆነ 0.1 ሞላር ሶዲየም ባይካርቦኔት ማሟሟት ይገባል። ለመነሻ 100 ማይክሮሊትር ባለ 200 ማይክሮሞላር ዲኤንኤ ላይ 20 ማይክሮሊትር ባለ 10 ሚሊሞላር ቀለም ይጨመር፤ ቀለሙ አሥር እጥፍ ይሆናል። በፎይል ሸፍኖ ለጥቂት ሰዓታት ማወዛወዝ ነው። እንዲፈጥን ብሎ ፒኤቹን ከፍ ማድረግ አያዋጣም፤ ኤስተሩም በዚያው ልክ ቶሎ ይፈርሳል።

በኤታኖል ማጠብ ብቻውን አይበቃም። ውኃ የማይወዱ ቀለሞች፣ ፖርፊሪን ዋነኛው ነው፣ ሳይያያዙም ከዲኤንኤው ጋር ይዘቅጣሉ። በሲ18 ኮለም ኤችፒኤልሲ (ፈሳሹን በግፊት በኮለም አሳልፎ በሚለይ መሣሪያ) መለየት ይሻላል። መጠኑ ሲለካ ደግሞ ቀለሙ ራሱ፣ ዲኤንኤው በሚለካበት 260 ናኖሜትር ላይ፣ ብርሃን እንደሚመጥ አይረሳ፦ ለፍሎረሲን በ495 ከተለካው 0.3 እጥፉን ከ260ው ንባብ ይቀንሱ። ይህ ካልተቀነሰ ዲኤንኤው ከእውነቱ በላይ ይመስላል፤ የሚገጣጠሙት ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮችም እኩል ለእኩል አይቀላቀሉም።

ንድፍ ላይ ደግሞ ስህተቱ ርቀትን ብቻ መቁጠር ነው። አንድ ጥንድ ቤዝ 0.34 ናኖሜትር ነው፤ ስለዚህ በ5 ቤዝ የተራራቁ ሁለት ቀለሞች 1.7 ናኖሜትር ብቻ የተራራቁ ይመስላሉ። ጠመዝማዛው ግን በ10.5 ጥንድ አንድ ዙር ስለሚዞር፣ በ5 ቤዝ ርቀት አንዱ ከፊት ሌላው ከጀርባ ይውላል። በአንድ ገጽ እንዲሰለፉ ከተፈለገ 10 ወይም 11፣ ቀጥሎም 21 ቤዝ ይቁጠሩ።

ክሮቹ ሲገጣጠሙ የሚያስፈልገው ማግኒዥየም፦ ለኦሪጋሚ (ረጅም ክር ታጥፎ ለሚሠራ የዲኤንኤ ቅርጽ) 12.5 ሚሊሞላር የተለመደ ነው፤ ባፈሩ ውስጥ ያለ ኢዲቲኤ ማግኒዥየሙን ስለሚይዝ ከዚያ ላይ እንደሚቀንስ ይታሰብ።

ክሮቹ እንዲገጣጠሙ ከሞቁ በኋላ ቀስ ብለው መቀዝቀዝ ሲገባቸው፣ ማቀዝቀዝ ላይ መቸኮልም አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ቤዝ ላላቸው ክሮች ግን ይበቃል፣ አያሳስብም። የሚያሳስበው 50 ማይክሮሊትር የያዘ ቲዩብ ጠረጴዛ ላይ ቢተው በደቂቃዎች መቀዝቀዙ ነው። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ ከሚያወርደው ፒሲአር ማሽን ይልቅ 2 ሊትር ውኃ አፍልቶ፣ ክዳናቸው የጠበቀ ቲዩቦችን አስገብቶ፣ ድስቱን በፎም ሳጥን ዘግቶ ማሳደር ይሻላል። ማሽኑ መሀል ላይ ቢጠፋም ናሙናው አይጣልም፤ እንደገና አሙቆ ከላይ መጀመር ነው። ሳያናይን ቀለሞች ግን ሙቀት ስለማይወዱ ከፍተኛው ሙቀት ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አያቆዩ።

በመጨረሻ፣ የፖርፊሪኑ 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለው የብርሃን መምጠጥ ጫፍ ስለተንሸራተተ ብቻ «ተገጣጠመ» አይባልም። ተራ መጓጎልም ያንሸራትተዋል። ናሙናው ቀስ እያለ እየሞቀ በ260ም በ420ም ይለካ። ሁለቱ በአንድ ሙቀት አካባቢ አብረው ከተለወጡ ቀለሞቹን ያሰለፋቸው ዲኤንኤው ነው፤ ዲኤንኤው ተላቆም የቀለሙ ጫፍ ካልተመለሰ ግን ያለው መጓጎል ስለሆነ ወደ ማጣራቱ መመለስ ነው።