የፊት ጎማ ኩሽኔታ ተቀይሮም ጩኸቱ ሲመለስ፦ ስፒንድሉን ማጽዳትና መመርመር

በላንድክሩዘር 70 እና በመሰል መኪኖች ላይ የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቤሪንግ) ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱ ሲመለስ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው «ኮፒ ነው» የሚባለው ዕቃ ነው። ወቀሳው ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ኩሽኔታዎች የሚቀመጡበት ዘንግ፣ ማለትም ስፒንድሉ፣ ታጥቦ ካልታየ በዕቃው መፍረድ አይቻልም።

ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ከተሰማ መኪናውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርገው ይድገሙት። ንቅናቄው ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ችግሩ ከሞዞው (ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው ክፍል) ኩሽኔታ ወይም ከአጠባበቁ ነው፤ ካልጠፋ ግን ሞዞውን ከመፍታት በፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር የሚሸከሙትን የላይና የታች ኩሽኔታዎች ማየት ይገባል።

ሞዞው ሲወጣ ግራሶውን ሳይጠርጉ ይመልከቱት። ወደ ነጭነት ካደላ ውሃ ገብቷል፤ ቀጥኖ የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ከሆነ የአክሰሉ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) ያስተላልፋል ማለት ስለሆነ እርሱ ሳይቀየር አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ስፒንድሉን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ በተለይ የውስጠኛው ኩሽኔታ የሚደገፍበት ጥግ ላይ የደረቀ ግራሶ ወይም የብረት ብናኝ ከቀረ፣ ኩሽኔታው እስከ መጨረሻው ስለማይገባ በስፒንድሉ ላይ የሚያስረው ዳዶ የጠበቀ መስሎ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይላላል። ከዚያ መቀመጫዎቹን በብርሃን ይመርምሩ። ሰማያዊ ቀለም ከመጠን በላይ የመጋል ምልክት ሲሆን፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ያለልክ መጥበቅ ወይም የግራሶ ማነስ ነው። ዙሪያውን የተቦረቦረ መስመር ደግሞ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት በዘንጉ ላይ ይሽከረከር እንደነበር ያሳያል። አዲሱን ቀለበት ያለ መዶሻ አስገብተው ይሞክሩት፤ በእጅ ግፊት መንሸራተት አለበት፣ ከገባ በኋላ ግን ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ የለበትም።

ጥቃቅን ሻካራነት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀለበቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ስፒንድሉ ይቀየራል። መቀመጫውን በፑንች እየነጠቆሉ ማጥበብ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም፣ ቀለበቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ነጥቦቹ ቶሎ ይጨፈለቃሉ፤ በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽም የጎማውን ጭነት የሚሸከመውን ብረት በሙቀት ሊያዳክም ስለሚችል አልመክረውም። የዳዶውን ጥርስ፣ የመቆለፊያ ሮንዴላው ምላስ የሚገባበትን ቦይና በስፒንድሉ ውስጥ ያለውን የነሐስ ቡሽም ይዩ።

ሲገጥሙ የውጭ ቀለበቶቹንም አብረው ይቀይሩ፤ አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌ ቀለበት ጋር አይገጠምም። ዳዶውን በመሮና በመዶሻ ሳይሆን በ54 ሚሊሜትር ቁልፍ፣ ሞዞውን እያዞሩ ያጥብቁት፤ ከዚያ አላልተው በመኪናው ማኑዋል ልክ በቀስታ ይመልሱት። ሞዞውን ለማስጀመር የሚያስፈልገውን ኃይል በጎማው ቡሎን ላይ በሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ይለኩ፤ ከላዩ የሚገባው ሁለተኛው፣ የመቆለፊያው ዳዶ ሲጠብቅ ልኩ ስለሚለወጥ መለካቱን ይድገሙትና ልክ ሲሆን ብቻ የሮንዴላውን ጠርዝ ያጥፉ።