የስልክዎን ብሮውዘር እስከ መጨረሻው እንዴት መቀየር ይቻላል

ፋየርፎክስ ወይም ብሬቭ ያወርዳሉ፣ ዲፎልት (ሊንክ ሲነካ በቀዳሚነት የሚከፈት) ያደርጉታል፣ ቀጥሎ የተላከልዎን ሊንክ ሲነኩ ግን ያው የድሮው ብሮውዘር ብቅ ይላል። ስልኩ አልተበላሸም። ስልክ ላይ ሊንክ የሚከፈትበት በር ብዙ ነው፤ ዲፎልት የሚባለው ማስተካከያ የሚቀይረው ደግሞ አንዱን በር ብቻ ነው።

ዲፎልት ለመሆን ምን ያህል እንደሚከፈል ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ በጉግል ላይ በተካሄደው የፍርድ ቤት ክርክር እንደወጣው፣ ጉግል የአይፎን ብሮውዘር በሆነው ሳፋሪ ላይ ዲፎልት መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። አብዛኛው ሰው ሴቲንግ ከፍቶ እንደማይነካካ ስለሚያውቅ ነው።

1. ብሮውዘሩን ይምረጡ

አንድሮይድ ላይ ማስታወቂያ የሰለቸው ሰው ፋየርፎክስን ይሞክር፤ እንደ ማስታወቂያ ማገጃው ዩብሎክ ኦሪጅን ያሉ ኤክስቴንሽኖችን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎችን) ስልክ ላይ ይቀበላል። የስልኩ ክሮም አይቀበልም። ብሬቭ ማገጃው አብሮት ይመጣል፣ ውስጡ ግን ክሮም የሚሠራበት ያው ክሮሚየም ነው። ኦፔራ ሚኒን በጃቫ ስልክ ዘመን አማርኛው ሣጥን ሣጥን እየሆነ ሲያስቸግር የታገሉት ሁሉ ያውቁታል፤ ፓኬጅ በመቆጠብ ዛሬም ጎበዝ ነው። ነገር ግን ከፍተኛው የቁጠባ ሁነታ ላይ ገጹ መጀመሪያ የሚከፈተው ኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው፤ ወደ እርስዎ የሚመጣው ተጨምቆ ነው። የሚጽፉት ፓስወርድም በዚያው በኩል ያልፋል። ዜና ያንብቡበት፣ ባንክ አይክፈቱበት።

የትኛውንም ቢመርጡ ከፕሌይ ስቶር ያውርዱት። ቴሌግራም ቻናል ላይ «ፕሪሚየም» ተብሎ የሚለጠፍ የብሮውዘር ኤፒኬ (ከስቶር ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል) አይንኩ፤ ብሮውዘር የሚጽፉትን ሁሉ የሚያይ አፕ ነው።

2. ፓስወርድና ቡክማርክ

ፓስወርዶችዎ ጉግል አካውንት ላይ ከተቀመጡ ቀላሉ መንገድ ጭራሽ አለማንቀሳቀስ ነው። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኦቶፊል (ፓስወርድ በራሱ የሚሞላው) የሚለውን ፈልገው ጉግል መመረጡን ያረጋግጡ፤ ፋየርፎክስ ውስጥም ሆነው ፓስወርዱን ያቀርብልዎታል። ማውጣት ግድ ከሆነ ክሮም ውስጥ ያለው የጉግል ፓስወርድ ማኔጀር «ኤክስፖርት» አለው። የሚወጣው ፋይል ግን ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው። ለራስዎም ቢሆን በቴሌግራም አይላኩት፣ ሥራው እንዳለቀም ከዳውንሎድስም ከትራሽም ያጥፉት።

ቡክማርክ ላይ የስልኩ ክሮም አያግዝም፤ በፋይል ማውጫ የለውም። ኮምፒዩተር ላይ በዚያው አካውንት ክሮም ከፍቶ ማውጣት፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው ፋየርፎክስ ማስገባት፣ ከዚያ ስልኩን ማሲንክ (ከኮምፒዩተሩ ፋየርፎክስ ጋር ማዛመድ) ያስፈልጋል። አሥር ቡክማርክ ብቻ ላለው ሰው በእጅ መገልበጥ ይፈጥናል።

3. ዲፎልት ያድርጉት

አንድሮይድ፦ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ፣ ብሮውዘር አፕ። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ ቅንብሮች፣ መተግበሪያዎች፣ ነባሪ መተግበሪያዎች። ሳምሰንግ ላይ «ቹዝ ዲፎልት አፕስ» ይላል። አይፎን፦ ከአይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) 18.2 ጀምሮ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ፣ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ፣ ሴቲንግስ ውስጥ የአዲሱን ብሮውዘር ስም ይፈልጉና እዚያው ይቀይሩ።

4. የቀሩትን በሮች ያግኙ

ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ አቁሞ «አልሠራም» የሚለው ይህችን ስለማያውቅ ነው።

አንድ አፕ ሊንክ ሲነኩ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ሊንኩን ለብሮውዘርዎ አሳልፎ መስጠት፤ ይህ ዲፎልትዎን ያከብራል። ሁለተኛ፣ ከስም ታብ የሚባለውን መክፈት፤ አፑ ውስጥ ያሉ ቢመስልም ገጹን የሚያሳየው ብሮውዘር ነው። ብዙ ጊዜ ዲፎልትዎን ይከተላል፣ አንዳንድ አፕ ግን ክሮምን ብቻ እንዲጠራ ተደርጎ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ዌብቪው። ይህ የስልኩ የራሱ ገጽ ማሳያ ነው፤ ዲፎልትዎ ምንም ይሁን ምን አይሰማም፣ የማስታወቂያ ማገጃዎም እዚያ አይሠራም።

በየትኛው እንዳሉ ለመለየት ገጹ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይንኩ። ከታች «ራኒንግ ኢን ክሮም» ካለ ወይም የሌላ ብሮውዘር ስም ከተጻፈ ከስም ታብ ነው። ምንም ስም ከሌለና ሁልጊዜ ገብተው የሚያውቁት ድረገጽ እንደ አዲስ «ሎግ ኢን» ካለዎት ዌብቪው ውስጥ ነዎት፤ የብሮውዘርዎን ኩኪ (መግባትዎን የሚያስታውሰውን መረጃ) አያይምና። እዚህ ላይ ፓስወርድ ባይጽፉ ይሻላል። ገጹን የከፈተው አፕ የሚጻፈውን ማየት የሚችልበት መንገድ አለው።

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ቻት ሴቲንግስ ገብተው «ኢንአፕ ብሮውዘር» የሚለውን ያጥፉ። ፌስቡክ ማጥፊያውን በየጊዜው ቦታ ስለሚቀይር ሴቲንግ ውስጥ ከመዞር፣ ሊንኩ ከተከፈተ በኋላ በሦስቱ ነጥቦች በኩል «በውጭ ብሮውዘር ክፈት» የሚለውን መጫን ይቀላል። የስልኩ ፊት ላይ ያለው የጉግል መፈለጊያ ሣጥንም የጉግል አፕ እንጂ የብሮውዘርዎ አይደለም። ከፊት ያንሱትና የአዲሱን ብሮውዘር ዊጀት በቦታው ያስቀምጡ።

ለመፈተሽ አንድ ሊንክ ለራስዎ በኤስኤምኤስ፣ ያንኑ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ይላኩና ሁለቱንም ይንኩ። ሁለቱም አዲሱ ላይ ከተከፈቱ አልቋል።

5. አይፎን ላይ ግን

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለረጅም ዘመን የአፕል ደንብ አንድ ነበር፦ ማንኛውም ብሮውዘር የሳፋሪን ሞተር (ገጹን አንብቦ የሚያሳየውን ክፍል) ዌብኪትን ይጠቀም። አይፎን ላይ ያለው ክሮምም ፋየርፎክስም ከላይ ሌላ ልብስ የለበሰ ዌብኪት ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ሳፋሪ ላይ ከተሰበረ ሦስት ብሮውዘር ማውረድ ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። መቀየሩ የሚጠቅመው ለሲንክ፣ ለፓስወርድና ለአጠቃቀም ምቾት ነው።

ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ጣሊያን ለምትኖሩ ነገሩ የተለየ ነው። በኅብረቱ የዲጂታል ገበያ ሕግ ምክንያት ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአይኦኤስ 17.4፣ አይፎኑ ብሮውዘር የሚያስመርጥ ገጽ ያመጣል፤ ሌላ ሞተርም ተፈቅዷል። ሆኖም ለኅብረቱ ብቻ የተለየ አፕ መሥራት ስለሚጠይቅ ትልልቆቹ ብሮውዘሮች ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ከአይኦኤስ 18.2 በኋላ ደግሞ ሳፋሪን እዚያ ማጥፋት ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚታየው በአካውንቱ አገርና ስልኩ ባለበት ቦታ ነው፤ ከፍራንክፈርት ለዘመድ የተላከ አይፎን አዲስ አበባ ሲገባ መብቱን ይዞ አይገባም።

6. የድሮውን ማሰናበት

አንድሮይድ ላይ ክሮም ከስልኩ ጋር ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፤ «ዲስኤብል» ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከዚያ በፊት በክሮም በኩል ስልክዎ ፊት ላይ ያስቀመጧቸውን የድረገጽ አይከኖች ይዩ። እነርሱ ከክሮም ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ አዲሱ ላይ እንደገና መሥራት አለባቸው። ሁለት ሳምንት ሳይዘጉት ቢያቆዩት ጥሩ ነው፤ የተረሳ ፓስወርድ የሚገኘው በዚያ ጊዜ ነው።

«አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው» የሚለውን ግን ምንም ቢሆን አይዝጉ። ብሮውዘር ይመስላል፣ ቦታም ይይዛል፣ ነገር ግን ሌሎች አፖች ገጽ የሚያሳዩት በእርሱ ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አንድ የተበላሸ የዌብቪው ማሻሻያ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ አፖች ሲከፈቱ ወዲያው ይዘጉ ነበር። ዘግተውት ከሆነና አፖች መዘጋት ከጀመሩ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ ስሙን ፈልገው «ኢንኤብል» ይበሉና ያሻሽሉት።